የእትዬ ካውያ ምስክርነት

እትዬ ካውያን በእውነተኛ ስሟ ብትጠሯት ዞር አትልም። ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም፣ የገዛ አማቿም «እትዬ ካውያ» ነው የሚሏት። እንዴት አይሏት! ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ስትተኩስ ኖራለች፤ መጀመሪያ እቤቷ በከሰል ካውያ፣ ኋላ ደግሞ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ላውንደሪ ውስጥ በኤሌክትሪክ። ለሥራ ፈተና የሚቀርብም፣ ፍርድ ቤት የሚቆምም ዋዜማውን እሷ ዘንድ ብቅ ሳይል አይቀርም። ሸሚዙን ዘርግታ ታይና ስለ ባለቤቱ ታወራለች። «ይሄ ሰውዬ ሲናደድ እጅጌውን ይጠቀልላል። ይቺ ደግሞ ስታለቅስ በኮሌታዋ ነው የምትጠርገው፤ መሐረብ የሚገዛላት ሰው ጠፍቶ ነው?» ትላለች። ደግሞ አትስትም እኮ!

ሁለተኛው የምትታወቅበት ነገር ምስክርነቷ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ቢጣሉ፣ ልጅ ከልጅ ተደባድቦ ማን ጀመረው ቢባል፣ «እትዬ ካውያ ትጠየቅ» ነው። ያየችውን አይቻለሁ፣ ያላየችውን አላየሁም ትላለች፤ ከዚህ ስንዝር አታልፍም። አንድ ጊዜ በገዛ ወንድሟ ላይ መስክራ ሁለት ዓመት አኩርፏት ነበር። እንግዲህ ይቺው ሴትዮ ናት በሆዷ አንዲት ውሸት ይዛ ሠላሳ ዓመት የኖረችው። አንዲት ብቻ ናት፣ እውነት ለመናገር። ባልዲም ቢሆን ታዲያ የሚያፈሰው በአንዲት ቀዳዳ ነው።

ሴት ልጇ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ከባሏ ጋር የምትኖረው እዚያው ግቢ፣ ከወላጆቿ ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ከግራ ጆሮዋ ሥር ወደ አንገቷ ሲወረድ ሦስት ክብ ክብ ጠባሳዎች አሉ፤ ምስር ምስር የሚያካክሉ። ኤሌክትሪሺያኑ ባሏ ገና ሲያሽኮረምማት «ሆቴል ብትሆኚ ባለሦስት ኮከብ ነበርሽ» አላት፤ ስቃ ስቃ ሳትጨርስ አገባችው። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ባለሦስት ኮከቧ ይላታል። ጠባሳዎቹ የጉድፍ ናቸው። ማለቴ፣ የጉድፍ ናቸው ነው የሚባለው። በሕፃንነቷ ያ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ ይዟት፣ ሲድን ትቶላት የሄደው ምልክት ነው ተብሎ ሠላሳ ዓመት ተወርቷል። ማን አወራው? እትዬ ካውያ።

ባለሦስት ኮከቧ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ቆይታ ዘንድሮ አረገዘች። አራት ወሯን በያዘች ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ዕለት፣ ክፍሏ ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ሲነጫነጭ አረፈደ። ታቀፈችው። ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ጥሎ፣ ትንፋሹ አንገቷን እያሞቃት፣ ሁለት ተረት አነበበችለት። ከሰዓት በኋላ ሆዱን ቢገልጡት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወርሶታል። በማግሥቱ ዳይሬክተሯ ክፍሉን እስከሚቀጥለው ሰኞ ዘጋችና፣ ነፍሰ ጡር የሆነች መምህርት ሐኪም ሳታማክር እንዳትመለስ ብላ አስጠነቀቀች።

ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሦስት ሆነው ነው የሄዱት። አባትየው «ስድስት ዓመት የተጠበቀ ልጅ ያለ አጃቢ አይሄድም» ብሎ ኮቱን ለበሰ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እኛም ሹፌሩ እንበለው። ሲያወራ ዛሬም ከሞተር ድምፅ በላይ ለመሰማት የሚታገል ነው የሚመስለው።

አዋላጅ ነርሷ ወጣት ናት፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር።

«ጉድፍ ይዞሽ ያውቃል?»

«ይኸው ማስረጃው» አለች ባለሦስት ኮከቧ፣ ፀጉሯን ሰብስባ አንገቷን እያሳየች።

«መቼ ነው የያዘሽ?»

«እኔማ ምኑን አስታውሼ! ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነኝ ነው። እማዬን ጠይቂያት።»

ነርሷ ወደ እትዬ ካውያ ዞረች። «እናቴ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል? ውሃ የቋጠረ ነበር? እርግጠኛ ነዎት?»

እትዬ ካውያ አፏን ሳትከፍት ሹፌሩ ቀደማት። «ሲጋራ የተውኩት ያኔ አይደል እንዴ! ከመንገድ ስመለስ ልጄ አንገቷ ቆስሎ አገኘኋት። ይቺ ልጅ ትትረፍልኝ እንጂ ሁለተኛ ሲጋራ በአፌ አይዞርም ብዬ ማልኩ። ይኸው ሠላሳ ዓመቴ!» ደረቱን መታ መታ አደረገ። ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው በዚያ ከተማ ካለ፣ ገና ያልተወለደ ነው።

«እናቴ?» አለች ነርሷ፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

«አዎ ልጄ። ይዟታል።»

ሠላሳ ዓመት የተለማመዱት ቃል ሳይጠሩት ነው የሚወጣው። ነርሷ ጫር ጫር አደረገች። «እንግዲያው ተገላገልሽ። አንዴ የያዘው ሰው ደሙ ውስጥ መከላከያ ይኖረዋል። ባይዝሽ ኖሮ ግን ዛሬውኑ ነበር ደምሽን የማስመረምረው። መከላከያ ለሌላት ነፍሰ ጡር መርፌ አለ፤ ልጁን ካቀፈችበት ቀን አንሥቶ በአሥር ቀን ውስጥ ካልተወጋች ግን ዋጋ የለውም።»

«ባትወጋስ?» አለች እትዬ ካውያ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«እናትየዋን ሳንባዋን ሊመታት ይችላል። ፅንሱን ብዙ ጊዜ እንኳን አይነካውም፤ ከነካው ግን ዓይኑን፣ እጅ እግሩን ሊጎዳው ይችላል። እናንተን አይመለከትም እኮ፣ ምን አስጨነቀዎት?» ብላ ካርዱን ዘጋችው።

ምን እንዳስጨነቃት ልንገራችሁ።

ያኔ ሹፌሩ አንዴ ከወጣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። እትዬ ካውያ ልጇን እግሯ ሥር አስተኝታ እቤት ውስጥ ትተኩሳለች። የከሰል ካውያ ለማያውቅ፣ ሆዱ ውስጥ ፍም የሚጨመርበት፣ ጎንና ጎኑ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው፤ ከሰሉ እርጥበት ካለው ይፈነጣጠራል። ሹፌሩ ይህን ነገር አልወደደውም። «ይሄ ብረት ልጄን የነካ ቀን አንቺም ካውያሽም ከዚህ ቤት ትወጣላችሁ» ብሎ ምሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ማንን ገደለ? እሷ ግን ደንበኛ እየጠበቃት፣ እጇ ላይ ሥራ ተቆልሎ፣ የቱን ትስማ! አንድ ቀን ከሰሉ እርጥብ ሆነ። ሦስት ፍንጣሪ ሕፃኗ አንገት ላይ አረፈ።

በዚያ ሰሞን መንደሩ ውስጥ ጉድፍ ገብቶ የልጅ ገላ ሁሉ ተዥጎርጉሮ ነበር። ሹፌሩ ሲመጣ ቁስሉ ቅርፊት ይዟል። «ምን ነካት?» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ጉድፍ ነው» አለችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ ማን ይመልሳት! ሰውየው ልጁን ታቅፎ አለቀሰ። የሲጋራ ፓኮውን ከኪሱ አውጥቶ ወረወረው። ለልጁ ብሎ ሲጋራ ሲወረውር ያየችውን ሰው እንዴት ብላ ዋሽቼሃለሁ ትበለው? ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሠላሳ ዓመት ሆነ።

እና አሁን ከጤና ጣቢያ ስትመለስ በጣቶቿ ትቆጥር ጀመር። ልጇ ያንን ልጅ የታቀፈችው ሰኞ ነው፤ አሥረኛው ቀን የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ላይ ይውላል። ጊዜ አለ አለች።

በማግሥቱ ላውንደሪው ውስጥ አንድ ነጭ ሸሚዝ ዘርግታ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለችው። ሸሚዙ ዝም አለ። እስከ ኮሌታው ድረስ በደንብ ነገረችው፤ ኮሌታው ጋ ስትደርስ አንድ ደንበኛ ገባና ሆድ ይፍጀው ሆነ። ዓርብ ወደ ልጇ ክፍል ሄደች። አማቿ መሬት ላይ ተንበርክኮ የሕፃን አልጋ ይገጣጥማል። «እትዬ፣ እባክዎ ያቺን ብሎን ያቀብሉኝ» አላት። አቀበለችው። ልጇ ሆዷን ይዛ እየሳቀች «አይ ይሄ ሰው! አምስት ወር ቀርቶት አልጋ!» ትላለች። በዚህ ሳቅ መሃል ምን ተብሎ ይጀመራል? ሌላ ብሎን አቀብላ ወጣች።

ቅዳሜ ሹፌሩን ሻይ ሲጠጣ አገኘችው። «አንተ ሰውዬ፣ ያኔ ሲጋራ የተውክ ጊዜ...» አለች ፈራ ተባ እያለች። «እህ!» ብሎ ተቀበላትና ከሥሩ ጀምሮ ተረከላት፤ ፓኮውን የወረወረበትን ቦታ ሳይቀር። እስኪጨርስ ሻዩም ቀዘቀዘ፣ የሷም ወኔ ቀዘቀዘ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸታቸውን ነው! የእትዬ ካውያ ዝምታ በአራት ቀን ነቅዞ ዱቄት ሆነ። እህል አልወርድ አላት። በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ኮሌታ አቃጠለች። ብትናገር ባሏም፣ ልጇም፣ ስሟም አለቀላቸው። ዝም ብትል ደግሞ ያልተወለደ ልጅ ዓይን አለ። ወዲህም ግድግዳ፣ ወዲያም ግድግዳ። መሃል ላይ የቀረቻት አንዲት ቀዳዳ «ምናልባት» ናት። ምናልባት አይይዛት ይሆናል። ምናልባትም ሳናውቅ በሕፃንነቷ ይዟት ይሆናል። የማይነጋ መስሏት ምን አደረገች ነው የሚባለው? እናንተው ጨርሱት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯ ደወለች። ሦስት ልጆች ጨምረው ታመዋል፤ ያልያዛቸው መምህራን ፈርተው ቀርተዋል፤ ነገ ክፍሉ ሲከፈት ሰው የለም። ባለሦስት ኮከቧ ከነሆዷ ደረቷን ነፋች። «እኔ ይዞኛል እኮ፣ ምን ቸገረኝ! ትኩሳት ያለባቸውን ልጆች ሁሉ ወደ እኔ ክፍል አምጧቸው» አለች በስልኩ።

እትዬ ካውያ ይህን ሰማች። ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ከወደ ቤት «ወገቤን! ወይኔ ወገቤን!» የሚል ጩኸት መጣ።

የዋሸ ሰው ቢያንስ በውሸቱ ይመቸዋል ትሉ ይሆናል። ኧረ ምኑ! አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ሙሉ እንደ ግንድ በጀርባዋ ተኛች፤ መገላበጥ አይቻል፣ መነሣት አይቻል፤ ለመሽናት እንኳ እያቃሰተች ነው። ልጇ ከሥራ ቀርታ፣ አራት ወር ያለፈው ሆዷን ደግፋ፣ አጎንብሳ ወገቧን ታሻታለች። «እዚህ ጋ ነው እማዬ?» «እዚያ ጋ ነው።» «ልክ ነው፣ አብጧል» ትላለች ልጅቷ፤ ያላበጠውን ወገብ! ሹፌሩ ሙቅ ውሃ በላስቲክ እያመላለሰ «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የቆመ ወገብ ነው» ይላታል። ደግነታቸው ገደላት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሹፌሩ ታክሲ ጠርቶ መጣ። «ተነሽ፣ ትልቁ ሆስፒታል ወስጄ ራጅ አስነሣሻለሁ!»

እትዬ ካውያ ዘላ ተነሣች። «ጤና ጣቢያው ይበቃኛል፤ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ወገቡስ?»

«ሻል አለኝ!» ብላ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች። ሹፌሩና ባለታክሲው ተያዩ።

ነርሷን ኮሪደር ላይ አገኘቻት፤ ክንዷን ይዛ ጥግ ወሰደቻት። «ልጄ፣ ያንን መርፌ ለልጄ ውጊያት። ቫይታሚን ነው በያት፣ የፈለግሽውን በያት። ምክንያቱን ብቻ አትጠይቂኝ።»

«እናቴ፣ መርፌው ከትልቁ ሆስፒታል ነው የሚመጣው። የደም ውጤት ካላሳየሁ አይሰጡኝም። ደግሞስ ይዟታል አላሉኝም?»

እትዬ ካውያ ግድግዳውን ተደገፈች። ከልቧ ልትናገር የፈለገችውን ለሸሚዝ፣ ለሻይ፣ ለብሎን ስታዞረው ከርማ፣ አሁን በዘጠኝ ቃል አለቀ። «ጉድፍ አልነበረም። የካውያ ፍንጣሪ ነው። እኔ ነኝ ያቃጠልኳት። ዋሽቻለሁ።»

ነርሷ መነጽሯን አወለቀች። «ዛሬ ስንተኛ ቀኗ ነው?»

«ስምንተኛ» አለች እትዬ ካውያ ቶሎ ብላ።

«ሲቆጥሩ ነበር ማለት ነው» አለች ነርሷ። ከዚህ ሌላ ስድብ አልተናገረችም፤ አላስፈለጋትምም። «ደሙ ዛሬ ካልተወሰደ ውጤቱም መርፌውም አይደርስም። እስከ ስምንት ሰዓት ይዘዋት ይምጡ። አለበለዚያ እኔው ደውዬ እነግራታለሁ።»

ምሳ ቀርቦ ደረሰች። ሹፌሩ፣ ልጇና አማቿ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። «ቁጭ በይ እንጂ፣ ወገብሽ!» አለ ሹፌሩ ወንበር እየሳበ።

«ቆሜ ነው የምናገረው» አለች። ከዚያ ተናገረች። ያየችውን አየሁ፣ ያደረገችውን አደረግሁ እያለች፣ በሰው ላይ እንደምትመሰክረው በራሷ ላይ መሰከረች። እርጥቡን ከሰል፣ ፍንጣሪውን፣ በሩ ላይ ያለችውን ቃል፣ ነርሷ ፊት የደገመችውን፣ የወገቡን ነገር። አማቿ ሹካውን እንደያዘ ቀረ።

«ካውያው ነው?» አለ ሹፌሩ በቀስታ። ያ ሰውዬ በቀስታ ሲናገር ቤቱ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

«ካውያው ነው።»

«ታዲያ እኔ... እኔ ሲጋራዬን ለማን ብዬ ነው የተውኩት!» ብሎ ጮኸ። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ባለሦስት ኮከቧ አንገቷን አልነካችም። እናቷን ብቻ ታያለች። «ረቡዕ ነርሷ ስትጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«አሥር ቀን ስትልም ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ትናንት ወገብሽን ሳሽሽስ?»

«አዎ ልጄ።»

ልጅቷ ተነሥታ ቦርሳዋን አነሣች። «በካውያው አልቀየምሽም። ሕፃን ነበርኩ፣ አላስታውሰውም። እነዚህን ስድስት ቀናት ግን ምን ላድርጋቸው? ልጄ ሆዴ ውስጥ ነው እኮ እማዬ! ስድስት ቀን ዝም አልሽው!» እትዬ ካውያ ልትከተላት ስትራመድ «አትምጪ» አለቻት። ባሏና አባቷ ይዘዋት ወጡ። እትዬ ካውያ ከአራት ሳህን ምግብ ጋር ብቻዋን ቀረች።

የደም ውጤቱ ረቡዕ መጣ፤ መከላከያ የሚባል ነገር የላትም። መርፌው ሐሙስ ጠዋት ደረሰ፤ በአሥረኛው ቀን። ነርሷ እየወጋቻት «ከምንም ይሻላል፤ ቀደም ብሎ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነበር» አለች። ይህንን እትዬ ካውያ ዘንድ ያደረሰው አማቿ ነው፤ ሌላው አላናገራትም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት እስር ቤት ነበሩ። ባለሦስት ኮከቧ መርፌውም ተወግታ ሊወጣባት ስለሚችል አራት ሳምንት ከሰው እንዳትቀላቀል ተባለ። ሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ተዘጋች። እትዬ ካውያ ምግቡን ሠርታ ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች፤ አንኳኩታ ትመለሳለች፤ በሩ የሚከፈተው እሷ ከራቀች በኋላ ነው። ከመስኮቷ ሆና የልጇን መስኮት ታያለች። መጋረጃው አይነሣም። ሹፌሩ በሦስተኛ ሰው ነው የሚያናግራት፤ ሦስተኛ ሰው ከሌለ ለግድግዳው ይነግረዋል። «ጨው የለውም በሏት» ይላል ለግድግዳው። አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ሲጋራ ገዝቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ለኮሳት፣ አንዴ ሳበ፣ እስኪያነባ ድረስ ሳለና ወረወራት። «ይሄንንም አበላሸችብኝ!» አለ ተነሥቶ እየገባ።

ባለሦስት ኮከቧ ያንን ልጅ ካቀፈች በሃያ አንደኛው ቀን ጀርባዋና ሆዷ ላይ ዘጠኝ ሽፍታ ወጣ። አማቿ ሲነግራት እትዬ ካውያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሆነባት። ደግነቱ ትኩሳቱ ሁለት ቀን ቆይቶ ለቀቃት፤ መርፌው አቅልሎት ይሆናል አለች ነርሷ። ስለ ፅንሱ ግን ማን ይናገር? በየወሩ በአልትራሳውንድ ይታያል። አንድ ወር እጁ ደህና ነው ይባላል፣ ሌላ ወር እግሩ። «ዓይኑስ?» ትላለች እትዬ ካውያ አማቿን በር ላይ ጠብቃ። «ዓይኑ ሲወለድ ነው በደንብ የሚታየው እትዬ።» ይህን መልስ ይዛ አምስት ወር ቆመች፤ ተቀምጣም ቢሆን ቆማ ነበር። «እትዬ ካውያ ትጠየቅ» ብለው የሚመጡትን «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለች መለሰቻቸው።

ልጁ ወንድ ነው። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። ነርሷ ትንሽ ባትሪ አብርታ ዓይኑን አየችና «ጥርት ያለ ነው» አለች። ሹፌሩ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ፤ ሦስተኛ ሰው ሳይፈልግ የሚስቱን እጅ ያዘ። ያ ቤት በደስታ ሞላ። እትዬ ካውያ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ልጇ ሕፃኑን ለሁሉም ሰው ሰጥታ ወጣ ትላለች፤ ለሷ ስትሰጣት ብቻ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ምንም አትልም። ቁጭ ብላ ታያለች፣ በኋላ ትቀበላታለች። እትዬ ካውያም ልጇ ሳትሰጣት ላትነካው ከራሷ ጋር ተማማለች።

ሁለት ወር ሞላው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሕፃኑ አልጋው ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ልጇ ደብተር ይዛ ጠራቻት።

«ነይ ቁጭ በይ እማዬ። ሐኪም ለዚህ ልጅ ብሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ ትነግሪኛለሽ። ምን ያዘኝ፣ ምን አልያዘኝም፣ ከምን ወደቅኩ። ለአባዬ ያልሽውን አይደለም። የሆነውን።»

እትዬ ካውያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሰበሰበች። «ኩፍኝ ይዞሻል። አራት ዓመትሽ ነበር፤ እሱ እውነት ነው።»

«ትክትክስ?»

«ትክትክ አልያዘሽም። ጉንፋን ነው። ከሥራ ልቅር ብዬ ነው ትክትክ ያልኩት።»

ልጇ ጻፈች። የከንፈሯ ጫፍ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «ቅንድቤ ላይ ያለው?»

«ከአልጋ ወድቀሽ ነው። አባትሽ ነው የጣለሽ፤ እኔ እንዳላየሁ ሆንኩለት።»

«አንገቴስ?»

«ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ሁሉንም?»

እትዬ ካውያ እጆቿን አየቻቸው። ይህን ለነርሷም አልነገረችም፤ ለዚያ ሸሚዝ እንኳ አልነገረችውም። «መጀመሪያ አንዱ ነው ያረፈብሽ» አለች። «ጮህሽ። ሰማሁሽ። የሰው ሸሚዝ ይዤ ነበር፤ እጅጌው ላይ ነኝ፣ መሃል ላይ ብተወው ይበላሻል። እጅጌውን ጨርሼ ነው ያነሣሁሽ። ሁለቱ እስከዚያ ድረስ ነው የወደቁብሽ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ልጇ ደብተሩን ታያለች። ፊቷ ሲቀላ፣ ዓይኗ ሲሞላ እትዬ ካውያ ታያለች፤ «ውጪ» ትለኛለች ብላ ጠበቀች። በዚህ መሃል ሕፃኑ ነቃና አለቀሰ። ልጇ አልተነሣችም። እትዬ ካውያም አልተነሣችም፤ እሷ ፈቃድ ነው የምትጠብቀው። ሕፃኑ ድምፁን ጨመረ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ልጇ ቀና ሳትል፣ እንባዋ ደብተሩ ላይ እየወረደ። «አንሺው እንጂ!»

እትዬ ካውያ ባዶ እግሯን ሮጣ ሕፃኑን አነሣችው። ልጇ ደብተሩን ይዛ ወደ ሌላው ክፍል ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።